«ፓራውልት» ወይስ «የግጭት መከላከያ»? በአንድ የተሽከርካሪ ቃላት ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

የስያሜ ሥራ ሁለት ዐይነት ባለጉዳይ አለው። አንደኛው ነገሩን ገና የማያውቅና ስሙን ከመጽሐፍ የሚማር ነው፤ ሁለተኛው ነገሩን በእጁ ሲሠራ የኖረና መጽሐፍ ሳይጠብቅ ስም ያወጣለት ነው። ለመጀመሪያው «ብርሃን አስተፃምሮ»ን የመሰለ ስያሜ ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ተማሪው ነገሩንና ስሙን በአንድ ቀን ከአንድ ሰሌዳ ላይ ያገኛቸዋልና። ለሁለተኛው ግን ስያሜ አቅራቢው ከማውጣቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

መነሻችን ለሙያ ሠልጣኞች መማሪያ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀና አስተያየት እንድንሰጥበት በእጃችን የገባ የተሽከርካሪ አካላት ቃላት ረቂቅ ነው። ረቂቁ ገና ለኅትመት ስላልበቃ አዘጋጆቹን በስም መጥቀስ አያስፈልግም። ድካማቸው ምስጋና የሚገባው መሆኑን ግን አስቀድመን እንመሰክራለን። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነጥለን እንመረምራለን፤ ይኸውም በጋራዥ «ፓራውልት» የሚባለው፣ በረቂቁ ግን «የግጭት መከላከያ» የተባለው ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ስሕተቱ ከቃል አልፎ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ሆኖ ስላገኘነው ነው።

1. ነገሩ በወረታ

ስሙን ከመመርመር በፊት ነገሩን ማየት ይገባል። ለዚህም ወረታን መርጠናል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ የሚገነጠልባት የፎገራ ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ ዋልካ መሬት ነው። በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ለሩዝ የተስማማው ይኸው መሬት ለመኪና ጠላት ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ናበጋ ወይም ወደ ዋገጠራ የሚያቀና ፒክአፕ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የሚገባው በጎማው ብቻ አይደለም፤ በግንባሩም ጭምር ነው። በዚያን ጊዜ የመጎተቻ ገመድ በቅርብ በተገኘው ነገር ላይ ይታሰራል። ከፋብሪካ የወጣው ፓራውልት ደግሞ የውጭ ልባሱ ፕላስቲክ ስለሆነ በጉተታው ተገንጥሎ ይቀራል።

ስለዚህ ባለመኪናው ወደ በያጅ ይሄድና ከብረት እንዲሠራለት ያዝዛል። በያጁ ሥራውን ከመለካት ይጀምራል። የሻንሲውን ሁለት ጫፎች፣ የፋናሌውን ከፍታና የራዲያተሩን አየር መግቢያ ይለካል፤ በካርቶን ፎርማ ያወጣል፤ ፎርማውን በላሜራው ላይ አኑሮ ያሰምራል፤ በግራይንደር ይቆርጣል። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ ሰያፍ ያደርገዋል፤ መኪናው ከቦይ ሲወጣ ጫፉ መሬት እንዳይነካ ነው። ቁርጥራጮቹን በመጀመሪያ ነጠብ ነጠብ አድርጎ ያያይዛቸዋል፤ ከመኪናው ላይ አስጠግቶ ልኩን ካየ በኋላ ብቻ አጥብቆ ይበይዳል፤ ያውም አንድ ጊዜ ከግራ አንድ ጊዜ ከቀኝ እያፈራረቀ ነው፤ በአንድ ወገን የተከማቸ ሙቀት ላሜራውን ያጣምመዋልና። ወደ ሻንሲው የሚገባው ማቀፊያ ከፊተኛው ላሜራ ይወፍራል፤ የሚያዘውም በብሎን ነው። የመጎተቻው ቀለበት ከማቀፊያው ጋር ይያያዛል፤ የጉተታው ኃይል በቀጥታ ወደ ሻንሲው እንዲተላለፍ። በመጨረሻም ጸረ ዝገት ተቀብቶ ቀለም ይቀባል።

አንባቢ ከዚህ በላይ ያለውን አንቀጽ መለስ ብሎ እንዲመለከተው እንለምናለን። በውስጡ ሻንሲ፣ ፋናሌ፣ ራዲያተር፣ ፎርማ፣ ላሜራ፣ ግራይንደር፣ ብሎን የሚሉ የውጭ ቃላት አሉ። ሁሉም የነገር ስሞች ናቸው። መለካት፣ ማስመር፣ መቁረጥ፣ ማያያዝ፣ መበየድ፣ ማቀፍ፣ መጎተት፣ መቀባት የሚሉት ግሦች ግን አንዳቸውም ከውጭ አልመጡም። ይህ የጋራዥ ቋንቋ ጠባይ ነው፤ ዕቃው ከነስሙ ይገባል፣ ድርጊቱ ግን በአማርኛ ይነገራል። ቋንቋው ተወረረ የሚለው ሥጋት ብዙ ጊዜ ስሞቹን ብቻ ቆጥሮ ግሦቹን ከመርሳት የመጣ ነው።

2. የረቂቁ ስያሜ ጉድለት

«የግጭት መከላከያ» የሚለው ስያሜ ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል።

የመጀመሪያው እውነት አለመሆኑ ነው። ፓራውልት ግጭትን አይከላከልም፤ ግጭት ከደረሰ በኋላ የጉዳቱን መጠን የሚቀንስ አካል ነው፤ ያውም በዝግታ ለሚደርስ ግጭት ብቻ። በአሜሪካ የወጣው ደንብ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ መኪና በሰዓት 5 ማይል፣ ማለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሲሄድ ከግንብ ጋር ቢጋጭ መብራቱና ሌሎች የደኅንነት ክፍሎቹ እንዳይበላሹ ያዝዝ ነበር። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ፍጥነቱ ወደ 2.5 ማይል ዝቅ ተደረገ። ይህ እግረኛ የሚራመድበት ፍጥነት ነው። እንግዲህ ደንብ በወጣለት አገር እንኳ የተጣለበት አደራ መብራትን ከመሰበር ማዳን ነው እንጂ ተሳፋሪን ከግጭት ማዳን አይደለም።

ሁለተኛው አሻሚነቱ ነው። «መከላከያ» የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ሠራዊትን ነው የሚጠራው። «የመከላከያ መኪና» ሲባል ማንም ሰው የወታደር መኪና ይረዳል። ረቂቁ «የግጭት» የሚል ቅጽል ጨምሮ አሻሚነቱን ለማጥፋት ሞክሯል፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው ረጅም ስምን ሁልጊዜ ያሳጥራል። «መከላከያው ተገንጥሏል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከጋራዥ ሲወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ለአንባቢ እንተዋለን።

ሦስተኛው ስያሜው የስም ሳይሆን የትርጓሜ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። የጣሊያንኛው ቃል «መመከት» ከሚለው ግሥና «ግጭት» ከሚለው ስም ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ ረቂቁ ይህን ፈትቶ ወደ አማርኛ መልሶታል። ሌሎች ቋንቋዎች ግን አንዱን ነገር በየራሳቸው ዐይን ነው ያዩት። ፈረንሳይኛው እንደ ጣሊያንኛው በመመከት ጠራው፤ እንግሊዝኛው ከመጋጨት ከራሱ ስሙን አወጣለት፤ ጀርመንኛው ቅርጹን አይቶ የግፊያ ዘንግ አለው። ስም ነገርን ይጠቁማል እንጂ አይተረጉምም፤ መተርጎም የመዝገበ ቃላቱ አንቀጽ ድርሻ ነው።

3. የነባሩ ቃል ማንነት

«ፓራውልት» ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑ አያጠያይቅም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመንና ከዚያም በፊት በኤርትራ በኩል፣ መኪናና መንገድ የጋራዥን ቃላት አስከትለው ገብተዋል። ነገር ግን ቃሉ እንደ ገባ አልቀረም። ጣሊያኖች «ፓራኡርቲ» ይሉታል። አማርኛ ሁለቱን ተከታታይ አናባቢዎች ስላልወደደ በመካከላቸው «ው»ን አገባ፤ ሁለት «ር» በአንድ ቃል መደጋገሙ ስለከበደው ሁለተኛውን ወደ «ል» ለወጠ፤ የመጨረሻውን አናባቢ ጣለ። ይህ ዘፈቀደ አይደለም። «ፍሬን» እና «ኮፈን» የመጨረሻ አናባቢያቸውን በዚሁ ሥርዓት ጥለዋል፤ «ካቻቢቴ» ደግሞ ለአማርኛ እንግዳ የነበረውን «ቭ» በ«ብ» ተክቷል። ማንም ምሁር ተቀምጦ ያልደነገገውን የድምፅ ሕግ ሾፌርና መካኒክ በአፋቸው ፈጽመውታል። ዛሬ «ጎማ» የሚለውን ቃል የውጭ ነው ብሎ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? «ፓራውልት»ም በዚያው መንገድ ላይ ያለ ቃል ነው።

ቤተሰብም አለው። የጎማ ሽፋን የሆነው «ፓራፋንጎ» ከአንድ ወገን ነው፤ ሁለተኛው ክፍሉ በጣሊያንኛ ጭቃ ማለት ነው። የረቂቁ አዘጋጆች ይህን «የጭቃ መከላከያ» ብለውታል። ሁለቱ ሲደረደሩ «የግጭት መከላከያ» እና «የጭቃ መከላከያ» ይሆናሉ፤ ሠልጣኙም በሁለተኛው ቃል አንድ ዐይነት ሆነው ስለሚያገኛቸው በፈተና ወረቀት ላይ ማምታታቱ አይቀርም። የጋራዥ ስሞች ግን በጆሮ አይምታቱም።

4. ሁለት ነገር በአንድ ስም

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣውና በያጅ የሚሠራው በስም አንድ ቢሆኑም በጠባይ ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው የተሠራው እንዲሸነፍ ነው፤ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ያለው ልል ነገር ይጨፈለቃል፣ በዚህም የግጭቱ ኃይል ይበርዳል። ሁለተኛው የተሠራው እንዳይሸነፍ ነው፤ ጭቃንና ጉተታን ይችላል፤ የግጭትን ኃይል ግን ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲውም ወደ ተሳፋሪው፣ በፊቱ የቆመ ሰው ካለም ወደዚያ ሰው ያስተላልፋል።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። ስፋቱ 1 ሜትር ካሬ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ 31 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም ሁሉ በፊት ባሌስትራ ወይም ሞላ ላይ ያርፋል። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ሲገጠም ደግሞ ከረጢቱ የሚነፋበትን ቅጽበት ሊያዛባ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 (እ.ኤ.አ.) በመኪና ፊት የሚገጠሙ እንዲህ ያሉ ብረቶች በእግረኛ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በሙከራ እንዲመዘን መመሪያ ያወጣው ስለዚህ ነው።

አሁን ረቂቁ በማሠልጠኛ ተቋማት ሥራ ላይ ዋለ እንበል። ሠልጣኙ ወፍራም ብረት በይዶ ከመኪና ፊት ሲያስር «የግጭት መከላከያ ሠራሁ» ይላል፤ ባለመኪናውም «መከላከያ አስገጥሜያለሁ» ብሎ ያምናል። ያ መኪና በገበያ ቀን ሰው፣ ከብትና ባጃጅ በሚጋፉበት በወረታ መንገድ ላይ ይወጣል። ስሙ የገባለት ቃል ነገሩ የማይፈጽመው ነው። ቃሉን የሰጠነው እኛ ከሆንን ደግሞ ከኃላፊነቱ ነጻ አንሆንም።

በሌላ በኩል በሙያው ሃያ ዓመት የኖረ በያጅ ለብቃት ምዘና ሲቀርብ «የግጭት መከላከያ አገጣጠም ቅደም ተከተል ግለጽ» ቢባል ምን ይመልሳል? ሥራውን ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ግን አያውቀውም። እንዲህ ያለው ስያሜ የሚያውቀውን ሰው አላዋቂ ያስመስለዋል።

ሠራተኞቹ ልዩነቱን በሚገባ ያውቁታል። በአንድ የብየዳ ቤት አንድ አዛውንት ሾፌር «ልጄ፣ ገመድ ሲታሰርበት እንዳይነቀል አድርገህ እሰረው» ሲሉ፣ ወጣቱ በያጅ «ጋሼ፣ እኔ የማስረው ከሻንሲው ነው፤ ላሜራው ጌጥ ነው» ሲል ሰምተናል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የነገሩ ዋና ባሕርይ አለ፤ የብረት ፓራውልት ጉልበቱ ከሚታየው ፊቱ ሳይሆን ከማይታየው ማሰሪያው ነው። ረቂቁ በአንድ ገጽ ያልገለጸውን ወጣቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮታል።

5. ሐሳባችን

በመጀመሪያ እኛም «መከታ» የሚለውን ቃል ወደን ነበር። አጭር ነው፣ ነባር ነው፣ ለአፍም ይጥማል። ይሁን እንጂ የገባው ተስፋ ከ«መከላከያ» ተስፋ ስለማይለይ ትተነዋል። ውበቱ ብቻውን ሊያስመርጠን አይገባም።

ረቂቁ የድርጊት ቃላትን በተመለከተ የሠራው ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባል። ከ«በየደ» በመነሣት ብየዳ፣ በያጅ፣ መበየጃ፣ ተበየደ፣ አስበየደ የሚሉትን በሥርዓት ደርድሯል፤ «ደ» ወደ «ጀ» የሚለወጥበትንም ቦታ ሳይስት አሳይቷል። አማርኛ ኃይሉ እዚህ ላይ ነውና ይህ ክፍል እንዳለ ቢታተም እንደግፋለን። ለዕቃ ስሞች የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

ፓራውልት (ስም፤ ከጣሊያንኛ)። በተሽከርካሪ የፊት ወይም የኋላ ጫፍ ላይ በአግድም የሚታሰር፣ በዝግታ በሚደርስ ግጭት መብራትንና ላሜራን ከጉዳት የሚያድን አካል።

የፋብሪካ ፓራውልት። ከመኪናው ጋር ተሠርቶ የሚመጣ፣ በግጭት ጊዜ ተጨፍልቆ ኃይልን የሚያበርድ ፓራውልት። ለጉተታ አይሆንም።

የብረት ፓራውልት። በያጅ ከወፍራም ላሜራ ወይም ከቱቦላሬ ሠርቶ በብሎን ከሻንሲ ጋር የሚያስረው ፓራውልት። ለጭቃ መንገድና ለጉተታ ያገለግላል፤ የግጭትን ኃይል አያበርድም።

በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ «አይሆንም» እና «አያበርድም» የሚሉት ቃላት ለሥነ ጽሑፍ ጌጥ የገቡ አይደሉም። ስሙ ስለማይናገረው አንቀጹ መናገር አለበት።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከዚያም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ በስያሜ ሥራ ብዙ ልምድ ተከማችቷል። የጋራዥና የብየዳ ቤት ቃላት ግን ገና በሚገባ አልተለቀሙም። የረቂቁ አዘጋጆች ዝርዝሩን ከማሳተማቸው በፊት ይዘውት ወደ ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር የብየዳ ቤቶች እንዲወርዱ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በእጅ እያሳዩ ስሙን እንዲጠይቁ፣ የሰሙትንም ከነአነጋገሩ እንዲመዘግቡ እንጠይቃለን። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የብረት ፓራውልት የሚታዘዘው በዚያ ወቅት ነውና።