አዲስ አበባ በናይሮቢ ሰዓት

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቀትር ሲሆን ግሪኒች ላይ ስንት ሰዓት ነበር? ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ይህን ሲጠየቁ ሳያመነቱ ይመልሳሉ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው ይላሉ። መልሱ ግን የአዲስ አበባ አይደለም። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ኬንያ ከእ.ኤ.አ. 1937 መግቢያ እስከ ጁላይ 1942 መጨረሻ የተጠቀመችበት ሰዓት ነው። በጣሊያን እጅ የነበረችው፣ የግራዚያኒ ሰዎች ሕዝቧን የፈጁባት ከተማ በሶፍትዌሩ ዘንድ ሰዓቷን የምትሞላው ከናይሮቢ ነው።

የመልሱ ምንጭ ስልኩም ኮምፒዩተሩም የሚመራበት የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች መዝገብ ነው። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አርተር ዴቪድ ኦልሰን የጀመረው፣ አሁን ፖል ኤገርት የሚያስተባብረው፣ በበጎ ፈቃደኞች ድካም የቆመ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ የአውሮፕላን መነሻም ሆነ የባንክ ሒሳብ በቀላሉ በተምታታ ነበር። አዲስ አበባ በዚህ መዝገብ የራሷ ዓምድ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ከአሥመራ፣ ከጅቡቲ፣ ከሞቃዲሾ፣ ከካምፓላና ከዳሬሰላም ጋር ዓምዷ ተነሥቶ ስሟ የናይሮቢ ተቀጽላ ሆነ።

የአዘጋጆቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ መዝገቡም ትክክለኛ ለመሆን የሚጥረው ከዚያ ወዲህ ላለው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባና ናይሮቢ በአንዲት ሴኮንድ እንኳ አልተለያዩም። ከዚያ በፊት የነበረው መረጃ በአመዛኙ የተቀዳው ለኮከብ ቆጣሪዎች ከተዘጋጀ አትላስ ነበር። እውነትም የአትላሱ ቃል ያስገርማል። ኢትዮጵያ ከ1870 እስከ 1890 ስድስት የተቀራረቡ የሰዓት ቀጠናዎች ነበሯት፤ በኋላም ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በሚቀድም አንድ ሰዓት ተጠቃለሉ ይላል። በ1870 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ዓመት ነው፤ በዙፋኑ ላይ ያሉት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አዲስ አበባም አልተቈረቈረችም። የስድስቱን ቀጠና አዋጅ ማን አስነገረ? በየትኛውስ ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ? መዝገቡ ራሱ፣ ያ ሰዓት የዓዲስ ደራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የኬንትሮሱን ስፍራ በግምት መሰየሙን በማስታወሻው አልሸሸገም።

እንዲህ ያለ ወሬ ከመዝገብ ቢወጣ የሚያስከፋ አይሆንም ነበር። የሚያስከፋው በወጣው ፈንታ የገባው ነው። አጠራጣሪውን አነሣን ያሉት ሰዎች በምትኩ ፈጽሞ ሐሰት የሆነውን አስቀመጡ። የኬንያ አስተዳደር በ1928 ሰዓቱን ከግሪኒች 3 ሰዓት እንዲቀድም አደረገ፤ በጃንዋሪ 1930 ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል መለሰው። ይህ የናይሮቢ ሹማምንት ጉዳይ ነበር። በሶፍትዌሩ ግን ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ሳሉ አዲስ አበባም ሰዓቷን ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። የቀድሞው ዓምድ ቢያንስ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘበት ከሜይ 5 ቀን 1936 ጀምሮ ልዩነቱን 3 ሰዓት ያደርገው ነበር። የጥንቱ መረጃ ዛሬም በተጓዳኝ ፋይል ተቀምጧል፤ ሆኖም ሶፍትዌር የሚያጠናቅረው ባለሙያ ሆነ ብሎ ካልመረጠው በቀር ወደ ተጠቃሚው አይደርስም።

የነገሩ ሥር አንድ ጉድለት ነው፤ መዝገቡ ስለ እንዲህ ያለው ዘመን «አይታወቅም» አይልም። የታሪክ ጸሐፊ ሲቸገር «ይመስላል» ይላል፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊም «እንደሚሉት» ብሎ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ግን ያላወቀውን ቀን ካወቀው ቀን ጋር በአንድ ድምፅ፣ እስከ ሴኮንዱ ድረስ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦስሎና ስቶክሆልም በተመሳሳይ መንገድ ከበርሊን ጋር ሲታሰሩ በባለሙያዎቹ ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ጀርመን የያዘቻት ኖርዌይ ታሪክ በበርሊን ሰዓት መነበቡ የሚቆረቁር ከሆነ የአዲስ አበባው ከስምንት ዓመት በፊት በቆረቆረ ነበር።

ቀንን በተመለከተ ነገሩ ይለያል፤ ቀን በስሌት ይገኛልና። የዓድዋ ድል በየዓመቱ የካቲት 23 ሲከበር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 2 ይሆናል። ውጊያው የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን እሑድ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለ ዘለለ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። የዘንድሮን ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ይዞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ፕሮግራም ዓድዋን በአንድ ቀን ያሳስታል፤ የዘመን መቁጠሪያውን ሕግ የሚያውቅ ግን አይስትም። ለሰዓት እንዲህ ያለ ባሕረ ሐሳብ የለውም። ከተማዋ በምን ሰዓት ትተዳደር እንደ ነበር የሚታወቀው ወረቀት በማገላበጥ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ወቀሳው የመዝገቡን አዘጋጆች ብቻ አይመለከትም። ማስረጃ ላቀረበላቸው ያርማሉ፤ ከወዲህ በኩል የሚያቀርብ አለመገኘቱ ነው የሚያሳዝነው። ማስረጃው ደግሞ የት እንደሚፈለግ ግልጽ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል፤ ባቡር ደግሞ ያለ ሰዓት ሠሌዳ አይሄድም። በቀድሞው ዓምድ መሠረት ጅቡቲ ከ1911 ጀምሮ ከግሪኒች 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ አዲስ አበባ እስከ 1936 ከእርስዋ በ24 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወደ ኋላ ትቀራለች። እውነት ከሆነ ለገሀር የወረደ መንገደኛ ሁሉ የኪስ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር ማለት ነው። ሐሰትም ከሆነ የባቡሩ አንድ የጉዞ ሠሌዳ ይበቃዋል። ያ ሠሌዳ እስኪገለጥ ድረስ የሁለቱም ጣቢያዎች ሰዓት የሚነበበው ያ ባቡር ከማይደርስባት ከናይሮቢ ነው።