አሥራ ሰባት ነጥቦች

ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ላንሴት ላይ ያወጡት ጽሑፍ አራት ገጽ ብቻ ነው። ደጋግሜ ባነበው አልጠግበውም።

ትንፋሽ በኃይል ሲወጣ ፍጥነቱን የሚለካ ራይት የሚባል መሣሪያ አለ። ሚኒ ራይት የሚባል ታናሽም አለው። ታናሹ የታላቁን ቦታ ሊይዝ ይችላል? 17 ሰዎች በሁለቱም ነፉ።

የጊዜው ልማድ ተዛምዶ ማስላት ነበር። አሰሉት፤ 0.94 መጣ። ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ደብተሩን ይከድን ነበር። ነገር ግን በሚኒው ንባቦች ሁሉ ላይ 100 ቢጨመርም 0.94 ንቅንቅ አይልም። አብሮ መውጣትና መውረድ ሌላ፣ አንድ ቁጥር መናገር ሌላ።

እነሱ የያዙት ዘዴ መቀነስ ነው። የመጀመሪያው ሰው በትልቁ 494፣ በትንሹ 512፤ ልዩነቱ −18። እንዲህ እያሉ እስከ 17ኛው። ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ በአማካይ −2.1 ሊትር በደቂቃ ሆነ፤ ከቁጥር የማይገባ ነው። የልዩነቶቹ መበታተን ልክ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ግን 38.8። እጥፉን ከአማካዩ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲወስዱት ከ−79.7 እስከ 75.5 ደረሰ። አማካዩ የሸፈነውን ይህ ስፋት ገለጠው።

እኔን የሚማርከኝ ልዩነቶቹን ያሳዩበት ሥዕል አሠራር ነው። ልዩነቱን ሽቅብ፣ የሁለቱን ንባብ አማካይ አግድም አስቀመጡ። ለምን አማካዩን? እውነተኛውን መጠን ማንም አያውቀውም፤ ከሁለቱ የተሻለው ግምት አማካያቸው ነው። አግድሙ ላይ አንዱን ንባብ ብቻ ብናስቀምጥ ስሕተቱ በልዩነቱም ውስጥ ስላለ የሌለ ዝምድና ይፈጥርብናል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የእጅ ባለሙያ ጥንቃቄ ነው።

ደግሞ እያንዳንዱን ሰው በእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሁለት ጊዜ አስነፍተዋል፤ መሣሪያው ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ሳይታይ ከሌላው ጋር ያለው አለመግባባት የማን እንደሆነ አይታወቅምና።

የ80 ሊትር ገደማ ልዩነት በዛ አልበዛም የሚለውን ቀመሩ አይፈርድም፤ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ግን ከሥዕሉ ታች አንዲት ነጥብ ከድንበሩ ወጥታ ያገኛል። የ15ኛው ሰው ናት፤ በትልቁ 178፣ በትንሹ 259።