«ክሊር» ያጠፋውና ያላጠፋው

ሲሙሌሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ላብ ስገባ ውጤቱ ተርሚናሉ ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ወደ ፋይል እንዲጻፍ አላደረግኩትም ነበር፤ ወደ ላይ ስክሮል አድርጌ አየዋለሁ ብዬ ነው። ስክሪኑ ሲጨናነቅብኝ እጄ እንደለመደው «ክሊር» ጽፌ ኢንተር መታሁ። ጸዳ። ከዚያ ወደ ላይ ብል ወደ ታች ብል የአሥራ አንድ ሰዓት ሥራ የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ላብ አንድ ጓደኛዬ በጋራ አካውንታችን ዳታቤዝ ሲከፍት ፓስወርዱን ከትዕዛዙ ጋር አብሮ ጻፈው። ሰው እንዳያይበት «ክሊር» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኔ ቦታው ላይ ቁጭ ብዬ የላይኛውን ቀስት አንዴ፣ ሁለቴ ስነካ ፓስወርዱ እንዳለ ፊቴ ድቅን አለ።

ያው አንድ ትዕዛዝ እንዲቀር የፈለግኩትን ወሰደ፣ እንዲጠፋ የተፈለገውን ተወ። የኔ ስንፍና እንዳለበት አልክድም። ግን ጥፋቱን ሁሉ ተጠቃሚው ላይ ከመጫናችን በፊት እስኪ ትዕዛዙን ራሱን እንመርምረው።

ተርሚናል ድሮ ስክሪን አልነበረውም። እንደ ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ያሉት ማሽኖች የሚጻፈውንም የሚመለሰውንም በወረቀት ጥቅል ላይ ያትሙት ነበር፤ ከወረቀት ላይ ደግሞ የሚጸዳ ነገር የለም። ስክሪን ያላቸው ሲመጡ በየዓይነታቸው «ስክሪኑን አጽዳ» የሚባሉበት ኮድ ተለያየ። እ.ኤ.አ. በ1979 በበርክሌይ ዩኒክስ ውስጥ ብቅ ያለው «ክሊር» ይህን ችግር ነበር የፈታው። እሱ ራሱ ምንም አያጠፋም። የተርሚናሉን ዓይነት ያያል፣ ለዚያ ዓይነት የሚሆነውን ኮድ ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ ጥቂት ካራክተሮች ይልክና ይወጣል። ዛሬ በአብዛኞቹ ተርሚናሎች ኮዱ ኤስኬፕ፣ ባለማዕዘን ቅንፍ፣ 2 እና ጄ ነው። እዚህ ላይ 2 ማለት «የሚታየውን ስክሪን በሙሉ» ነው። የሚታየውን! እስከዚህ ድረስ ስሙና ሥራው አልተጣሉም።

ጣጣው የመጣው ከ3 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤክስተርም የተባለው ተርሚናል በ2 ቦታ 3 ሲላክለት ከስክሪኑ በላይ ያለፉትን፣ በሜሞሪ የያዛቸውን መስመሮች እንዲያጠፋ ተደረገ። ለፈለገ ሰው ጥሩ ነገር ነው። በ2013 ግን ብዙዎቹ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት የኤንከርሰስ ጥቅል «ክሊር»ን ቀየረውና ተርሚናሉ የሚችል ከሆነ 3ንም አብሮ መላክ ጀመረ። የትዕዛዙ ስም ያው ነው፣ አጻጻፉም ያው ነው፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄም የለም። የድሮውን ሥራ የሚፈልግ ሰው ከ«ክሊር» ቀጥሎ ሰረዝና ኤክስ መጻፍ አለበት። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በጋራ ማሽን ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የኔን ሥራ ማየት የለበትም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ችግሩ ግን ለምስጢር ከሆነ ለውጡ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ባሽ የጻፍናቸውን ትዕዛዞች ለብቻው ይመዘግባል፣ ስንወጣም በሆም ፎልደራችን ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ያስቀምጣቸዋል። ተርሚናሉ «አጽዳ» ሲባል ባሽ ወሬውንም አልሰማ። ስለዚህ ጓደኛዬ ከመስኮቱ ላይ አቧራ ጠረገ እንጂ ቁልፉን ከበሩ ላይ አልነቀለም። በኔ እምነት፣ መመለስ የማይቻለው ሥራ ተጨማሪ ፊደል የሚጠይቀው፣ ቀላሉ ደግሞ ዝም ብሎ የሚገኘው መሆን ነበረበት። የተደረገው ተገላቢጦሹ ነው።

የምናስተምርበትም መንገድ አለ። በየላቡ የሚታደሉት ወረቀቶች ላይ «ክሊር ወይም ኮንትሮል ኤል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው» የሚል አንድ መስመር አይጠፋም። አንድ አይደሉም። ባሽ ላይ ኮንትሮል ኤል ስትነኩ ስክሪኑ ይጸዳል፣ እየጻፋችሁት የነበረው መስመር እንኳ ከላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ ቀድሞ ወደ ላይ ያለፈው ግን አይነካም። (በነገራችን ላይ የኮንትሮል ኤል ኮድ በአስኪ ሠንጠረዥ ቁጥር 12 ነው፤ ፕሪንተርን «ወደ ሚቀጥለው ገጽ እለፍ» የሚለው ማለት ነው። ከወረቀቱ ዘመን የተረፈ ቅርስ።) ከዊንዶውስ የመጣ ተማሪ ደግሞ «ሲኤልኤስ»ን ለምዶ ነው የሚመጣው፤ ያ በጥንቱ ጥቁር መስኮት ላይ ከላይ ያለውንም ጠራርጎ ይሄዳል። ሦስቱን «ያው ናቸው» ብሎ ማለፍ ለአስተማሪው ይቀለው ይሆናል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነው።

ለዕለት ሥራ ኮንትሮል ኤል ይበቃችኋል። ፓስወርድ ትዕዛዝ ላይ ከጻፋችሁ «ሂስትሪ» ብላችሁ የመስመሩን ቁጥር እዩና ከሰረዝና ዲ ጋር ሰጥታችሁ አስወግዱት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ፕሮግራሙ ራሱ እስኪጠይቃችሁ መጠበቅ ነው። ረጅም ሥራ ስታስኬዱ ደግሞ ውጤቱን በ«ቲ» በኩል አሳልፉት፤ ስክሪን ላይም ይታያል፣ ፋይል ላይም ይጻፋል።

ጓደኛዬ ፓስወርዱን ያን ዕለት ቀየረ። የኔ ሲሙሌሽን ግን ሌላ አንድ ሌሊት ወስዷል፣ በ«ቲ» በኩል።