ሳይሰበር የወጣ ሰናፍጭ

የሰናፍጭ ፍሬ ደረቅ ሳለ አይሸትም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የጾም ገበታ የምታሰናዳ ባለሙያ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው። ምስጢሩ በፍሬው አሠራር ላይ ነው። ሲኒግሪን የተባለው ውሁድ በአንድ ወገን፣ እሱን የሚሰነጥቀው ሚሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም በሌላ ወገን ተለያይተው ይቀመጣሉ። መጁ ግድግዳውን አፍርሶ ውሃ ሲያገናኛቸው ኢንዛይሙ የሲኒግሪኑን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ድኝ ያለበት፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ዘይት ያን ጊዜ ይወለዳል።

ምጣድ የሚታሰስበት የአገራችን ጎመን ዘርም በዚሁ ውሁድ የበለጸገ ነው። ሲኒግሪን ዛሬ ነጭ ዱቄት ሆኖ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። የነፍሳትን ጣዕም በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ከስኳር፣ ከጨው፣ ከኪኒንና ከቡናው ካፌይን ጎን ይደረደራል። የወጥ ቤቷ ባለሙያ ጥበብ ፍሬውን በሰዓቱ መስበር ሲሆን፣ የኬሚስቱ ጥበብ ግን ውሁዱ እንዳይሰበር መጠበቅ ነው። ለዚህም ፍሬውን የሚፈላ ሜታኖል ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ሥራ ሳይጀምር ያመክነዋል። ያን ቀድሞ ያላደረገ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው።

ይህን ዱቄት ለነፍሳት ማቅመስ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ቬርሻፈልት የተባለ የኔዘርላንድስ የዕፅዋት ተመራማሪ የጎመን ነጭ ቢራቢሮ አባጨጓሬዎች የማይነኩትን ቅጠል ሲኒግሪን ቀብቶ ሰጣቸው፤ በሉት። ሌላውን ነፍሳት የሚያባርረው ምሬት ለእነሱ «ምግብህ ይኸውልህ» የሚል ምልክት ሆኖ ተገኘ።

ምልክቱን የሚያነበው የትኛው አካል ነው? አባጨጓሬው በመንጋጋው አጠገብ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ሁለት የጣዕም ጉጦች አሉት። ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው ጫፋቸው ላይ አንዲት ቀዳዳ፣ ውስጣቸው አራት የጣዕም ነርቭ ሕዋሳት ይዘዋል። እነሱን ማዳመጥ የተቻለው ሆጅሰን፣ ሌትቪንና ሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 በዝንብ አፍ ፀጉር ላይ ባሳዩት ዘዴ ነው። መስታወት በእሳት ተስቦ እንደ ቱቦ ይቀጥናል፣ የሚቀመሰው ፈሳሽ ይሞላበታል፣ የብር ሽቦ ይገባበታል፤ ከዚያ ጫፉ በጉጧ ላይ በቀስታ ይጠለቃል። ያው አንድ ቱቦ ያቀምሳል፤ ያው ቱቦ ነርቩ የሚመልሰውን የኤሌክትሪክ ምት ይቀበላል። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚያምር ቁጠባ አላውቅም።

ፈሳሹም ቱቦውን ያህል ይታሰብበታል። ከተለመዱት መጠኖች አንዱ በአንድ ሊትር 0.4 ግራም ያህል ሲኒግሪን ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ጥቂት ጨው ይጨመራል። ጨው ግን ራሱ ጣዕም አለው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጨው ብቻ ይቀመሳል፣ ምቱ ይቆጠራል፣ ሲኒግሪኑ ያመጣው ልዩነት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጠብታ በአየር ሲተን ፈሳሹ ይወፍራል። ጥንቁቅ እጅ ጉጧን ከመንካቱ በፊት ጠብታውን በማጣሪያ ወረቀት ያነሳል፣ ቅምሻውን በሰከንድ ይለካል፣ ነርቩ እስኪያርፍም ደቂቃዎች ይጠብቃል።

ስኮንሆቨን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 በዚህ ዘዴ ከአባጨጓሬው ሕዋሳት መካከል ለሲኒግሪንና ለዘመዶቹ የሚነቁትን ለይቶ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በትንሿ የጎመን ነጭ ቢራቢሮ ላይ ሲኒግሪንን የሚቀበለው ፕሮቲን ከነጂኑ ታወቀ። ከተቀባ ቅጠል ተነሥቶ ጂን ላይ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ዱቄቱ ግን ያው የሰናፍጩ ዱቄት ነበር።

የቢቸናና የሞጣ የባዮሎጂ መምህራን የቬርሻፈልትን መንገድ ለመከተል ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የጓሮ ጎመን ጭማቂ፣ ከዚያው ጎመን ላይ የተለቀሙ አባጨጓሬዎችና እነሱ የማይበሉት ሌላ ቅጠል ይበቃሉ። ታዲያ ጭማቂ ከተቀባው አጠገብ ውሃ ብቻ የተቀባ ቅጠል ይኑር፤ እሱ ከሌለ ሙከራው ሙከራ አይባልም።