ገሉን አትጣሉ

«እትዬ፣ ለምን በመዘውር አይሠሩም?» አለችኝ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች የሥነ ጥበብ ተማሪ። መዘውርን አልጠላም። ዙሪያው እኩል የሆነ ዕቃ ለሚፈልግ ደግ ነው። የእኔ ጭቅጭቅ በቅርጽ አይደለም፤ በገል ነው።

የተሰበረ ጀበና፣ የተሰነጠቀ ምጣድ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከጭቃው ጋር ካልተለወሰ ድስት የሚባል ነገር የለም። ገል አንዴ እሳት ስላየ ዳግም አይኮማተርም፤ ዕቃው ሲደርቅ ስንጥቁን ይይዛል፣ ሲቃጠል ለእንፋሎቱ መውጫ ይሰጣል። ልጅቷ ይዛው የመጣችው ጭቃ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። ድስት ሠራችበትና ከእኔዎቹ ጋር ኩበቱ ውስጥ ከተትነው። ጭሱ ገና ሳይጠራ «ጧ!» አለ። አልሳቅኩም፤ ብዙም ግን አላዘንኩም።

የምሠራባት ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ድስታችን ከቆላው ድስት ይልቅ እሳት ላይ ይከርማል። ገል የሌለው አይችለውም።

የገልን ነገር ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ዓመት ግን የማላውቅ መስያለሁ። ቀድሞ አዲስ አበባ ጋለሪ ሳስተዳድር ጀበና ነጭ ሣጥን ላይ አቁሜ፣ መብራት አብርቼ፣ «አይነካም» ብዬ ሸጫለሁ። በሥዕሎቹ ሥር የሠዓሊው ስም ነበረ። በጀበናው ሥር የጻፍኩት «ሸክላ፣ ጎንደር» ብቻ ነው። የሠራችው እናቴ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አውጀው ነበር፤ እኛን ግን ዳባት ላይ ውሃ ስንቀዳ ቡዳ ይሉን ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። ስሟን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ እንዳልጽፈው የከለከለኝም ሰው አልነበረም።

እናቴ ከወለቃ ቤተ እስራኤሎች የገዛችው አንድ ማሰሮ ነበራት። ሠሪዋ በ1977 ወደ እስራኤል ሄደች። ማሰሮው ሲሰበር እናቴ ወቀጠችውና ምጣድ ሠራችበት። ያንን ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሸሁት እኔ ነኝ። እሱም በተራው ተሰበረ፤ ዱቄቱ አሁን በምሠራቸው ድስቶች ውስጥ አለ።

ልጅቷ ዘንድሮም ተመልሳ መጣች፤ ሙቀጫው ላይ ናት። እናንተም ወደ ስሜን ስትወጡ ደባርቅ ማደራችሁ አይቀርም፤ ቤታችሁ የተሰበረ ጀበና ካለ ይዛችሁልኝ ኑ።