«ል» ማለት ያልሆነለት ተዋናይ፦ ስለ «ፓንዚዮን ሾለር» ትርጕም

ከጓደኞቻችን መካከል «ሁለት እኅትማማች ቋንቋዎች ሲገናኙ የተርጓሚው ሥራ ይቀላል» የሚሉ አሉ። ይህን አሳብ አንድ የታወቀ የጀርመን አስቂኝ ቴአትር ወደ ሆላንድኛ ሲመለስ በሚገጥመው ነገር ልንመረምረው እንወዳለን።

ካርል ላውፍስና ቪልሄልም ያኮቢ የደረሱት ባለ3 ገቢር «ፓንዚዮን ሾለር» በ1890 እ.ኤ.አ. በበርሊን ታየ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ክላፕሮት የሚባል የኪሪትስ ከተማ ባለጸጋ የእብዶችን መጠበቂያ ቤት ለማየት ይመኛል። ገንዘቡን የሚፈልገው ወጣት ዘመዱ አልፍሬድ፥ እንግዶች እየከፈሉ ወደሚኖሩበት ተራ ቤት ወስዶ «እብዶቹ እነዚህ ናቸው» ይለዋል። በመጨረሻው ገቢር እነዚሁ ሰዎች ክላፕሮትን እስከ ገዛ ቤቱ ይመጡበታል።

ከሰዎቹ አንዱ ኦይጌን ነው። ተዋናይ ለመሆን እጅግ ይጓጓል፤ ነገር ግን «ል» ማለት አይሆንለትም፥ በምትኩ «ን» ይላል። በአማርኛ ቢሆን «ምናልባት»ን «ምናንባት» እንደማለት ነው። ክላፕሮት ይህን የእብደት ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል። ተመልካች በኦይጌን ምላስ ይስቃል፤ አብልጦ የሚስቀው ግን ጤነኛውን እብድ ባለው ሰው ነው።

በሆላንድኛ አንበሳው አያስቸግርም። የጀርመንኛው «ሎቨ» «ኖቨ» እንደሚሆን የሆላንድኛውም «ሌው» «ኔው» ይሆናልና። ችግሩ ያለው በጥቃቅኖቹ ቃሎች ነው። «ምናልባት» በጀርመንኛ «ፊላይኽት» ነው፤ በሆላንድኛ «ሚስኺን» ስለሆነ «ል» የለበትም፥ ሳቁም ይጠፋል። በአንጻሩ «ሁልጊዜ» በጀርመንኛ «ኢመር» ሲሆን በሆላንድኛ «አልታይት» ነውና ተዋናዩ «አንታይት» ማለት ግድ ይሆንበታል። ተርጓሚው ቃል በቃል ከሄደ ጉድለቱ ደራሲዎቹ ባሰቡበት ቦታ ዝም ይላል፥ ባላሰቡበት ይጮኻል። ተዋናዩም አንዱን «ል» አስተካክሎ ቢያልፍ፥ ኦይጌን የተቸገረ ወጣት መሆኑ ቀርቶ አስመሳይ ቀልደኛ ይመስላል፤ የክላፕሮትም ስሕተት መሠረት ያጣል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የኦይጌን ንግግር በሆላንድኛ እንደ አዲስ ሊደረስ ይገባዋል። የሌሎቹ ንግግር ግን ከጀርመንኛው ብዙ ባይርቅ ይሻላል፤ በእነርሱ ዘንድ ሳቁ የሚመጣው ከሁኔታው ነውና። «ይህ ለዋናው ጽሑፍ አለመታመን ነው» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። መልሳችን ይህ ነው፦ ተርጓሚው የተቀበለው አደራ የቃላት ዝርዝር ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ስለ ምላሱ ብቻ እብድ መባሉን የሆላንድ ተመልካች ጭምር እንዲያይ ማድረግ የአደራው ዋና ክፍል ነው።