«ኃይል»፣ «ማሳ» እና «ኮንታክት»፦ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የሚውሉ ቃላትና የስያሜ አሰጣጣችን

የሙያ ቃላትን በአማርኛ የማሟላት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው ብዙውን ጊዜ ቃሉ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ከግእዝ የተገኘ እንደሆነ ይወደሳል፤ ከጣልያንኛ ወይም ከእንግሊዝኛ የገባ እንደሆነ ይነቀፋል። ይህ ጽሑፍ ሌላ መመዘኛ ይዞ ይነሣል። ቃሉ ሠራተኛው ለይቶ ሊያውቃቸው የሚገባቸውን ነገሮች ይለያል ወይስ ያደባልቃል? መመዘኛውን ለመፈተን የተመረጠው ሥራ ለድምፅ መሣሪያ የሚሆን ኤሌክትሪክ ከመኪና ባትሪ መሳብ ነው።

ሥራው ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዙሪያ የሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘወትር የሚያውቁት ነው። በየጋራዡ የሚነገረው ቋንቋ አንድ ክፍሉ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ከቆየው የሙያ ግንኙነት የተገኘ ነው። «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካንዴላ»፣ «ሞተሪኖ» የዚሁ ቅርስ ናቸው። በጽሑፍ የሚቀርበው አማርኛ ግን ከዚህ አነጋገር ጋር እምብዛም አይተዋወቅም። ለምን እንደማይተዋወቅ ጥቂት ቃላትን በመመርመር መረዳት ይቻላል።

መጀመሪያ «ኃይል» የሚለውን እንመልከት። ተርጓሚዎች ኤሌክትሪክን በሚመለከት ሁሉ «ኃይል» ማለትን ለምደዋል፤ የኃይል መስመር፣ የኃይል ምንጭ፣ ኃይል ማስገባት ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ሦስት የተለያዩ መጠኖች አሉ፤ እነርሱም በቮልት፣ በአምፔርና በዋት የሚለኩት ናቸው። 480 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በቤት ውስጥ ከ220 ቮልት ላይ ቢሠካ በገመዱ የሚያልፈው ከ2 አምፔር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ያንኑ 480 ዋት ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ለመሳብ ግን 40 አምፔር ያስፈልጋል። የገመዱን ውፍረት የሚወስነው ይኸው አምፔሩ ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 40 አምፔር ሲያልፍበት 44 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጥበታል። ውፍረቱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ሙቀቱ ከ7 ዋት አይበልጥም። እንግዲህ «ገመዱ ለኃይሉ የሚበቃ ይሁን» የሚል መመሪያ የጻፈ ሰው ምን አስተማረ? በቤትም በመኪናም ኃይሉ አንድ ነውና፣ አንባቢው የቤቱን ቀጭን ሽቦ ለመኪናው ቢመርጥ ጥፋቱ የአንባቢው አይሆንም።

በጋራዥ ግን ጥያቄው «ስንት አምፔር ይስባል?» የሚል ነው። የመለኪያውን ስም በመጠኑ ስም ፈንታ መጠቀም በቃላት አጥኚ ዘንድ እንደ ጉድለት ይቆጠር ይሆናል። ለሥራው ግን የሚፈለገውን ልዩነት ጠብቆ የያዘው ይህ አነጋገር ነው። «ኮረንቲ» የተባለው ቃል በጣልያንኛ ፍሰትን የሚያመለክት ቢሆንም፣ በአማርኛ ትርጉሙ ሰፍቶ ለኤሌክትሪክ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ «ኮረንቲ ያዘው» እንላለን። ስለዚህ ለፍሰቱ በተለይ «ጅረት» የሚለውን መያዝ፣ «ኮረንቲን» ግን ሕዝቡ በሚሰጠው ሰፊ ትርጉም በመዝገበ ቃላት ማስፈር ይሻላል።

ሁለተኛው «መሬት» ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚተረጉሙ ጸሐፊዎች ከባትሪው ነጋቲቭ ጫፍ ጋር የሚገናኘውን ክፍል «መሬት» ይሉታል። በቤት መስመር ዘንድ ይህ ትክክል ነው፤ ሽቦው በእርግጥ አፈር ውስጥ ይቀበራልና። መኪና ግን በጎማ ላይ የቆመች ናት። የኤሌክትሪኩ መመለሻ የመኪናዋ የብረት አካል እንጂ ምድር አይደለም። ሠራተኞቹ «ማሳ» የሚሉት፣ ከጣልያንኛ የመጣው ቃል ይህንኑ የብረት አካል ያመለክታል። እዚህ ላይ አንድ መሳሳቻ አለ። አማርኛ ለእርሻ ቦታ የሚሆን የራሱ «ማሳ» ስላለው፣ የሙያውን ቃል የ«መሬት» ዘመድ አድርጎ መገመት ይቀላል። ሁለቱ በድምፅ ከመገጣጠማቸው በቀር ዝምድና የላቸውም። በመዝገበ ቃላት ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ሊሆኑ ይገባል።

ሦስተኛው «አጭር ዙር» ነው። ይህን ስያሜ ለመረዳት በቅድሚያ እንግሊዝኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ «ኮንታክት» ይላል። ቃሉ በመጣበት ቋንቋ መነካካትን ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ሽቦዎች ተገናኝተው የሚያስነሡትን አደጋ ያመለክታል። «ኮንታክት ነው» ሲባል ሰው ሁሉ እሳትን ያስባል። ቃሉ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ትርጉሙ እዚሁ የተወለደ ነው። ያንን ትርጉም ስሕተት ነው ብሎ ማረም የቃላት አጥኚ ተግባር አይመስለንም።

እስካሁን ያልነው የጋራዡ ቋንቋ ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። ባለመኪናው «ወንድሜ፣ ከባትሪው ቀጥታ ሳብልኝ» ሲል፣ የሬዲዮኑን መስመር ሳይነኩ የተለየ ገመድ መዘርጋትን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ፊውዙን ዘሎ ማገናኘትም «ቀጥታ» ይባላል። የመጀመሪያው ተገቢ አሠራር ነው፤ ሁለተኛው አደገኛ ነው። ለመጀመሪያው «የብቻ መስመር»፣ ለሁለተኛው «ያለ ፊውዝ» ቢባል ጥርጥር አይኖርም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በጽሑፍ የሚዘወተረው «ድምፅ ማጉያ» ነው። ለአምፕሊፋየሩም ለስፒከሩም፣ አንዳንዴም ለሚነጋገሩበት ማይክሮፎን ያገለግላል። «ወፍራሙን ገመድ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝ» የሚለውን ተከትሎ ባትሪውን በስፒከሩ ላይ ያሰረ ሰው የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ያቃጥላል። «ማጉያ»ን ለአምፕሊፋየሩ ብቻ መመደብና «ስፒከር»ን እንዳለ መቀበል ይበጃል።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብዙ ድካም የተደረገበትና ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ ግን ከእንግሊዝኛ ቃል ተነሥቶ የአማርኛ አቻ ስለሚፈልግ፣ እንግሊዝኛ የማያውቀው ሠራተኛ ለይቶ የሰየመውን ነገር ሊያገኝ የሚችለው በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ሌላው ጉዞ፣ ማለትም ከጋራዡ ወደ መዝገቡ የሚደረገው፣ ሊጀመር ይገባል። እያንዳንዱ ቃል ሠራተኛው በሚናገርበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ ይሰብሰብ፤ ከዚያ በኋላ አሻሚው ይለይ፤ የጎደለው ብቻ ይፈጠር።

የስያሜው ፈተና መመሪያው ሲነበብ ነው። «ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በሚወጣው ካቮ ላይ፣ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። የፊውዙ አምፔር ካቮው ከሚችለው አይብለጥ፤ ፊውዙ የሚጠብቀው ካቮውን ነውና። የማጉያው ማሳ ቀለም ተፍቆ በተራቆተ ብረት ላይ ይታሰር።» ይህን ጽሑፍ የኮልፌ ወጣት ሠራተኛ ያለ አስተርጓሚ አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። በ«ካቮ»፣ በ«ፊውዝ»ና በ«ማሳ» ፈንታ «የኃይል መስመር»፣ «የኃይል መጠበቂያ»ና «መሬት» ቢተኩበት ግን ጽሑፉ ለዐይን ያማረ ይሆናል እንጂ መኪናዋን ከቃጠሎ አያድናትም።